የሴኔካ ሞካሲን፦ እሾሁን ከመንካታችሁ በፊት

ውድ አባላት፣

የሴኔካ ሕዝብ (በአሜሪካ የምዕራብ ኒው ዮርክ ነባር ሕዝብ) ሞካሲን፣ ማለትም ለስላሳ የቆዳ ጫማ፣ በጥንቱ አሠራር ከአንድ ቁራጭ የአጋዘን ቆዳ ይወጣል። ለብቻው የሚሰፋ ሶል የለውም፤ ቆዳው እግሩን ከሥር አቅፎ ይነሣና ከጣት ጫፍ ወደ ላይ መሃል ለመሃል በሽብሽብ ይሰፋል። በጃርት እሾህ የሚሠራው ጥልፍ ይህን ስፌትና ወደ ውጭ የሚታጠፉትን ሁለት ጆሮዎች ያስጌጣል። ጆሮዎቹን ጫማው ሳይገጣጠም ጥለፏቸው፤ በኋላ እጅ አያስገባም።

የአገራችን ጃርት እሾህ አይሆንም፤ ወፍራምና ግትር ነው። የሚሠራው የሰሜን አሜሪካው ጃርት እሾህ ነው፤ ቀጭን፣ ነጭ፣ ጫፉ ጥቁር። ጫፉ ላይ ዓይን የማያያቸው ወደ ኋላ የዞሩ መንጠቆዎች ስላሉ ሥጋ ከገባ ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይሄድም። ስለዚህ የእሾሁን ቁራጮች ወለል ላይ አትጣሉ።

እሾሁን በውፍረት ለዩ፤ ቅባቱ እንዲለቅ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ እጠቡ። ቅባት የቀረበት እሾህ ቀለም አይዝም፣ ዥንጉርጉር ይሆናል። ሲጠለፍ እንደገና ይነከራል፤ የሚበቃው ሳይሰበር እስኪታጠፍ ድረስ ብቻ ነው። ደረቅ ከሆነ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ ከልክ በላይ ከራሰ ይላላል፣ ሲደርቅም ጠቦ ከጎረቤቱ ይርቃል። በጥፍር ወይም በለስላሳ አጥንት ጠፍጥፉት።

ክሩ ጅማት ነው። መርፌው የቆዳውን ግማሽ ውፍረት ብቻ ይያዝ፤ በስተጀርባ ከታየ እግር ሲፈትገው ይበጠሳል፣ ረድፉም ይፈታል።