ዜሮ የጻፍኩባቸው እናት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ገጠር ድህነት የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። የደን ዳር ነዋሪዎችን «ገቢ የሌላቸው» ይላቸዋል። እኔ ለዓመታት ቤት ለቤት እየዞርኩ የቤተሰብ ገቢ መረጃ ስሰበስብ ስለኖርኩ ይህ አባባል ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከምንሞላው ቅጽ ነው።

አንድ ቀን በዕድሜ የገፉ እናት ቤት ገባሁ። «እማማ፣ ገቢዎ ከምንድን ነው?» አልኳቸው። «ምን ገቢ አለኝ ብለህ ነው ልጄ» አሉኝ። እህል? የለም። ከብት? የለም። ደሞዝ? ሳቁብኝ። ሁሉም ላይ ዜሮ ጻፍኩ። ልወጣ ስል በሩ አጠገብ የተከመረ ማገዶ አየሁ። ግድግዳው ላይ የመድኃኒት ቅጠል ተሰቅሎ ይደርቃል። ልጃቸው ደጅ ተቀምጦ ከሐረግ ቅርጫት ይሠራል።

ተመልሼ ቁጭ አልኩ። «በዚህ ሳምንት ከጫካው ምን ይዘው መጡ?» አልኳቸው። ያኔ ወሬው መጣ። ማገዶው፣ ማሩ፣ እንጉዳዩ፣ የቤት ክዳን ሣሩ። ስንቱን ሸጡ፣ ስንቱ ቤት ውስጥ አለቀ፣ ለታመመች ጎረቤት የቱን ሥር ሰጡ። ቅጹ ላይ ለዚህ ሁሉ አንድ መስመር እንኳ አልነበረም። ዳሩ ላይ ጻፍኩት። ቢሮ ስመለስ ግን ተሰረዘ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እማማ አልዋሹኝም። ጫካው ጓዳቸው ነው፤ ከጓዳው ያወጣውን ገቢ ብሎ የሚጠራ ሰው የለም። ደግሞም በትንሽ በትንሹ ነው የሚመጣው። ዛሬ አንድ ሸክም፣ ነገ አንድ እፍኝ። በዓመት አንዴ ቢጠየቅ ማን ያስታውሰዋል?

ደጋግሞ የጠየቀ ግን አግኝቶታል። ሲፎር የተባለው ዓለም አቀፍ የደን ምርምር ማዕከል የመራው ጥናት በ24 አገሮች ወደ 8,000 የሚጠጉ የገጠር ቤተሰቦችን በየሦስት ወሩ እየተመላለሰ ጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ውጤት መሠረት ከገቢያቸው 28 በመቶው ከዱር የሚገኝ ነው። ከዚህም 77 በመቶው የመጣው ከተፈጥሮ ደን ነው። ድርሻው በድሆቹ ቤት ይበልጥ ከፍ ይላል።

የሚያሳስበኝ ደኑ ሲታጠር ወይም ለሌላ ሥራ ሲሰጥ ነው። ካሳ ብዙ ጊዜ የሚሰላው ለእርሻና ለቤት ነው። ዜሮ የተጻፈባቸው እናት ምን ሊደርሳቸው ነው? ደን ይጠበቅ፣ እኔም እፈልጋለሁ። ማገዶ ያለ ልክ ሲለቀም ደን እንደሚራቆትም አይቻለሁ። ግን ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣችው የደን መብት ሕግ፣ ነዋሪዎቹ ከድሮ ጀምሮ የሚለቅሙት ማር፣ ሰም፣ ቀርከሃና ቅጠል የራሳቸው እንዲሆን ፈቅዷል። ስለዚህ መብቱን በሕግ ማስፈር ይቻላል።

ጋዜጠኞቻችሁ ወደ ደን ዳር ሲወጡ እባካችሁ «ገቢ አላችሁ ወይ?» ብለው አይጀምሩ። ትናንት ከጫካው ምን እንደመጣ ይጠይቁ። መልሱ ረጅም ስለሆነ ጊዜ ይዘው ይሂዱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ መረጃ ሰብሳቢ