እማዬ፣ ስለ ሰሌዳው ጉዳይ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ዓይንሽ እንዴት ሆነልሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባሕር ዳር ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎናል። አንቺ ስለ አዲስ አበባ ብርድ ስታማርሪ ቀናሁብሽ።

ሕሙማንን የሚረዳው ማኅበራችን በአባዬ ስም ይጠራ፣ ሰሌዳውም ላይ ስሙ ይጻፍ ያልሽኝን አሰብኩበት። በስልክ ብነግርሽ ታለቅሻለሽ፣ እኔም እሺ ብዬ እዘጋለሁ። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። እኔ አይሁን ባይ ነኝ።

አባዬን አሳንሼ አይደለም። ግን የመጀመሪያውን ጊዜ አስታውሺ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰፈሩ በኤች አይ ቪ ምክንያት የለቅሶ ድንኳን በድንኳን ነበር። አንዱ ሳይነቀል ሌላው ይተከላል። እድሩ ለቀብር ይከፍላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፤ አልጋ ላይ ለወደቀው ግን ምንም አልነበረውም። አንቺ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃሽን ጨርሰሽ በቀጥታ ስብሰባው ላይ ተገኘሽና «ለመቅበሪያ ብር ካለን፣ ሳይሞቱ ለማብላት እንዴት አጣን?» አልሽ። ማንም መልስ አልነበረውም። አባዬ ግን ያን ማታ «ሰው ምን ይለናል?» ብሎ ተቆጣ። ሰርቪሷን የተከራየው ሰውዬ «በሽተኛ እየተመላለሰ» ብሎ ሲለቅ ደግሞ ባሰበት። ያኔ በብርጭቆም ይተላለፋል የሚል ስንት ሰው ነበር!

በኋላ ተለወጠ፤ እሱን አልክድም። ያችኑ ሰርቪስ ማከራየት ትቶ ለማኅበሩ ሰጠ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጣና የመጣውን ቆረሶ ዓሣ ራሱ ጠርጎ ለሾርባ ያቀርብ ነበር፤ ቤት ውስጥ ቢላዋ ነክቶ የማያውቅ ሰው! ይኼ ሁሉ በማኅበሩ ታሪክ ይጻፋል። ግን ስሙ ደጃፍ ላይ ከተሰቀለ፣ በየተራ እንጀራ የጋገሩት ሴቶች የት ይግቡ?

በ1997 መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ ሕሙማኑን ደግፈው ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የወሰዱት እነሱ ናቸው። ሥራችን የተቀየረውም ያኔ ነው። አለቀላቸው ያልናቸው ሰዎች ተነሡ። ልጆቻቸው ከአጥሚት ይልቅ ደብተርና ዩኒፎርም ፈለጉ።

ከዚያ የአዋጅ ጣጣ መጣ። በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621/2001 ዘመን ለአስተዳደር ከበጀቱ 30 በመቶ በላይ ማውጣት አይቻልም ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የጉዞ ወጪ አስተዳደር ተብሎ ሲቆጠር ግን የባጃጅ ሒሳብ ጉድ ሠራን። ሴቶቹ ምን አሉ? «እግር አለን» አሉ። ከሽምብጥ ሰፈር አባይ ማዶ ድረስ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ሳህን ተሸክመው! በ2011 የወጣው አዋጅ 1113 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ዝቅ ቢያደርገውም፣ ለሥራው የሚወጣውን ከአስተዳደር ስለለየው ተነፈስን።

ሌላም ነገር አለ። የቤተሰብ ስም ያየ ሰው የግል ንብረት ይመስለዋል። «እነሱ ይሙሉት» ይላል፣ እጁንም ይሰበስባል። አሁንም ቢሆን ከውጭ ከሚመጣው ይልቅ ወር ጠብቆ የሚያቆየን የሰፈሩ መዋጮ ነው።

ስለዚህ ሰሌዳው ላይ የሰፈሩ ስም ይሁን። አባዬ በታሪኩ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር በአንድ ተርታ ይጻፍ። አንቺም ብትሆኚ እንደዚያው፤ «እኔን ተዉኝ» የምትይውን አልሰማም።

አንድ ችግር ግን አለ። ስማቸውን ለማውጣት የድሮ ደብተርሽን ብገልጥ፣ «ባለጠላዋ»፣ «ረጅሟ»፣ «የመንትዮቹ እናት» እያልሽ ነው የመዘገብሽው። ግማሾቹን አላውቃቸውም። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውልልሻለሁ። አንድ በአንድ አነብልሻለሁ፣ አንቺ ስማቸውን ትነግሪኛለሽ። መቆጣት ካለብሽም ያኔው ትቆጪኛለሽ።

የዓይን ጠብታሽን እንዳትረሺ። እህቴን ሳሚልኝ።

ልጅሽ