የወሲብ ግፊት በተግሣጽ አይታከምም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከቁጥጥር ውጭ ስለሚሆን የወሲብ ግፊት በጤና ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ብዙዎች በሹክሹክታ እንኳ የማያነሱትን ጉዳይ በአደባባይ ማንሳታችሁ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ ችግሩ ላለበት ሰው የተሰጠው ምክር «ራስህን ግዛ፣ ሐሳቡን ከአእምሮህ አውጣ» ከማለት ስላላለፈ፣ በሥነ ልቦና ምክር ሥራ ላይ እንዳለ ባለሙያ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በመጀመሪያ፣ ሕመሙ የቱ ነው? የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ችግሩን ያስቀመጠው ከሱሶች ጋር ሳይሆን ግፊትን መቆጣጠር ካለመቻል ጋር ከተያያዙ ሕመሞች ጋር ነው። ሕመም የሚባለውም ሰውየው 6 ወር ለሚደርስ ወይም ለሚበልጥ ጊዜ ለግፊቱ እየተሸነፈ ጤናውን፣ ሥራውን ወይም ቤተሰቡን እስከ መበደል ሲደርስና ልተው ብሎ ደጋግሞ ሲያቅተው ነው። የፍላጎት ብርታት ብቻውን ሕመም አይደለም። ጭንቀቱ ሙሉ በሙሉ «ኃጢአት ሠራሁ» ከሚል ፍርድ የመነጨ ከሆነም፣ ምደባው ይህን ብቻ ይዞ ታማሚ ነህ ማለትን አይፈቅድም። ይህን ልዩነት ሳያጣሩ ሕክምና የሚጀምሩ የሙያ ባልደረቦቼ ጥቂት አይመስሉኝም።

ሕመሙ በእርግጥ ካለ፣ የአማካሪው የመጀመሪያ ሥራ ግፊቱ ለሰውየው ምን እንደሚያደርግለት አብሮ መመርመር ነው። አንድ ተገልጋይ ግፊቱ የመጣበትን ሰዓት፣ ቦታ፣ ቀድሞ የተሰማውን ስሜትና የግፊቱን ብርታት ከ0 እስከ 10 እየመዘነ በማስታወሻ እንዲይዝ ቢደረግ፣ ብዙውን ጊዜ ከገጹ ላይ የሚነበበው የወሲብ ነገር አይደለም፤ አለቃው የተቆጣበት ቀን፣ እንቅልፍ ያጣበት ሌሊት፣ ብቻውን የዋለበት እሑድ ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው «እንዴት ልከልክለው?» መሆኑ ቀርቶ «ይህን ብስጭት፣ ይህን ብቸኝነት በምን ልወጣው?» ወደሚለው ይዞራል። ስልክን ከመኝታ ክፍል ማውጣትን የመሰለ ቀላል እርምጃም ትርጉም የሚያገኘው ከዚህ በኋላ ነው።

ሐሳቡን ማባረር ግን አይበጅም፤ በግድ የተገፋ ሐሳብ ብሶበት ይመለሳል። ይልቁንም ተገልጋዩ ግፊቱን ሳይታዘዘውም ሳይታገለውም፣ በሰውነቱ ውስጥ የት እንደሚሰማው እያስተዋለ እንዲቆይ ይለማመዳል፤ ግፊት ባይታዘዙትም ጥቂት ቆይቶ እንደሚበርድ በራሱ ላይ ያያል። ቢሸነፍም የሚወቅሰው አማካሪ ሊገጥመው አይገባም። እፍረት ሰውን ወደ መደበቅ፣ መደበቅም ወደ ብቸኝነት ይወስደዋልና፣ ወቀሳ ለሚቀጥለው ውድቀት መንገድ ይጠርጋል።

ጽሑፋችሁ ጨርሶ ያላነሳው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሰውነትን ለሚያንቀጠቅጠውና እንቅስቃሴን ለሚያዘገየው የፓርኪንሰን ሕመም የሚታዘዙት ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል የተባሉ መድኃኒቶች በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ እንዲህ ያለ ግፊት ይቀሰቅሳሉ፤ ስሜትን በከፍተኛ ግለትና በድብርት መካከል በሚያፈራርቀው የባይፖላር ሕመም፣ ስሜት ከልክ በላይ በሚግልበት ጊዜም ይኸው ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ግፊቱ በድንገት የጀመረው ሰው ስለ ጠባዩ ከመጠየቁ በፊት ስለሚወስደው መድኃኒት ይጠየቅ፤ እሱም መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ ሳያቋርጥ ላዘዘለት ሐኪም ይንገር። በሚቀጥለው እትማችሁ ቢያንስ ይህን እንድታክሉበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የሥነ ልቦና አማካሪ