ስለ ሳህኖቹ ልጠይቅሽ

ሎስ አንጀለስ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ወንድሜም ከነቤተሰቡ ደህና ነው። ቅዳሜ ለማኅሌተ ጽጌ ሌሊቱን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን እንዳደርሽ እህቴ ነግራኛለች። የደሴን የጥቅምት ውርጭ ስለማውቀው ነው የምለምንሽ፤ እባክሽ ጋቢውን ደርበሽ ሂጂ።

እማዬ፣ እሑድ በስልክ ስናወራ ትንሿ ከእጄ ነጥቃ «አያቴ፣ አፅም አየሁ! ጠንቋይም አየሁ!» ስትልሽ ዝም ያልሽው ዝምታ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ከዚያ «ልጄን ደግሞ የት ወሰድሻት?» አልሽኝ፤ ሳልመልስልሽ መስመሩ ተቋረጠ። በችኮላ የሚነገር ስላልመሰለኝ ቁጭ ብዬ ጻፍሁት። እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

የሄድነው ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ ምሥራቅ ወዳለችው ቡዌና ፓርክ ከተማ ነው። እዚያ ኖትስ ቤሪ ፋርም የሚባል ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ አለ። በዚህ ወር አገሩ በሙሉ ለሃሎዊን ይሰናዳል፤ ፓርኩም በአፅም፣ በሸረሪት ድርና በዱባ ይሞላል። በዓሉ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 31 ይውላል፤ ዘንድሮ በእኛ ጥቅምት 21፣ የማርያም ዕለት ነው። ስሙ ሲፈታ የቅዱሳን ዋዜማ ማለት ነው፤ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን በማግሥቱ የቅዱሳንን ሁሉ በዓል ታከብራለችና። ከዚያ የቆየ የአየርላንድ የመኸር ልማድም ተቀላቅሎበታል፤ ወደ አሜሪካም በብዛት ያመጡት የአየርላንድ ስደተኞች ናቸው። አሁን ቅዱሳኑን የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነው፤ ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። ልጆቹ ጭምብል አጥልቀው ከቤት ቤት እየዞሩ ከረሜላ ይቀበላሉ። የእኛዎቹ በቡሄ ጨፍረውና መርቀው ሙልሙል እንደሚቀበሉት መሆኑ ነው፤ ምርቃቱ ግን እዚህ የለም፤ ሁልጊዜም የሚጎድለኝ እሱ ነው።

የሚያሳዝንሽ ዱባው ነው። ውስጡን ፈልፍለው፣ ዓይንና ጥርስ አውጥተውለት፣ ሻማ ያበሩበትና ሲበሰብስ ይጥሉታል። እኔ ግን ለትንሿ አንድ ዱባ ስፈለፍል ሥጋውን ለወጥ አስቀረሁ፤ ፍሬውንም አጥቤ በብረት ምጣድ ቆላሁት። አንቺ እንደምታደርጊው ጨው ረጨሁበት። ገና ሳይበርድ ጨረሰችው።

ፓርኩ ውስጥ «ጎስት ታውን» የሚሉት ሰፈር አለ። ቃል በቃል ሲተረጎም የመናፍስት ከተማ ስለሚል ትንሿ እንዳታስደነግጥሽ ትርጉሙን ልንገርሽ። በዚህ አገር እንዲህ የሚባለው ወርቅ ወይም ብር ሲወጣበት ኖሮ፣ ማዕድኑ ሲያልቅ ወይም ዋጋው ሲወድቅ ሰዉ ጥሎት የሄደ ባዶ ከተማ ነው። ካሊኮ የምትባል አንዲት የብር ማዕድን ከተማ በፈረንጆቹ በ1881 ተቆርቁራ፣ የብር ዋጋ ሲወድቅ ሰው አልባ ሆና ቀርታለች። የፓርኩ መሥራች ዋልተር ኖት እንዲህ ካሉ ከተሞች የእንጨት ቤቶችን እያስነሳ አምጥቶ በእርሻው ላይ መልሶ ተከላቸው። ቤቶቹ መካከል ቆሜ ጦርነቱ ሲበርድ ስለተመለስንበት የአጎቴ ሰፈር አሰብሁ፤ ሁሉም በር ተዘግቶ፣ ሣሩ እስከ መስኮቱ ደርሶ የነበረበትን ጊዜ።

ትንሿ በሩ ላይ ትንሽ ፈርታ ነበር። አንዲት ሠራተኛ ፊቷን አረንጓዴ ተቀብታ፣ ጥቁር ባርኔጣ አድርጋ ስትመጣ ቀሚሴ ሥር ተደበቀች። ሴትየዋ ወዲያው ተንበረከከችና ፊቷን ወደ ልጅቱ ዝቅ አድርጋ ዝም ብላ ጠበቀቻት። ልጄም እጇን ሰድዳ ጉንጯን ነካች። አረንጓዴው ቀለም ጣቷ ላይ ቀረ። «ቀለም ነው እማ» አለችኝና ከዚያ በኋላ እጄን ለቅቃ ሄደች።

ከሁሉ በላይ ያስቆማት ግን ብረት ቀጥቃጩ ነው። እውነተኛ ከሰል፣ እውነተኛ መዶሻ ይዞ ሰው ፊት ይሠራል። ብረቱ ሲቀላ አውጥቶ ይመታዋል፤ ውሃ ውስጥ ሲነክረው ቸስ ይልና ጢሱ ይነሣል። እሷ አጥሩን ይዛ አልነቃነቅ አለች። እኔ በልቤ ደሴ ገብቻለሁ። ማረሻ የሚሠሩትን ሽማግሌ ታስታውሻቸዋለሽ? ሰው ሁሉ በቡዳ ስም ይሸሻቸው ነበር፤ እኛ ልጆቹም እንዳያዩን ፊታችንን እንሸፍን ነበር። አንቺ ግን ምግብ ቤትሽ ሲገቡ ለሾፌሮቹ በምታቀርቢበት በዚያው ሳህን አቀረብሽላቸው። አንዱ ሾፌር «ከእንግዲህ በዚህ ሳህን ማን ይበላል?» ብሎ ሲነሣ «እንግዲያውስ ሌላ ቤት ብላ፣ መንገዱ ያውልህ» ብለሽ ሒሳቡን ሳትቀበዪ ሸኘሽው። ስምንት ዓመቴ ነበር። የሳህኑ ጠርዝ ሰማያዊ መስመር ነበረው፤ በአንድ በኩል ቀለሙ ተልጦ ጥቁሩ ቆርቆሮ ይታያል። ልጄ የፈራችው የተቀባ ፊት ነው፤ በጣቷ ነክታ ተገላገለችው። እኔ በእሷ ዕድሜ የፈራሁት ግን ምንም ያላደረጉኝን ጎረቤታችንን ነበር።

ሲመሽ ፓርኩ ለቤተሰብ ይዘጋና ለማታው የማስፈራሪያ ትርዒት ይሰናዳል። ይህ የማታው ነገር በፈረንጆቹ በ1973 የተጀመረ ነው፤ ሌሎች የአሜሪካ ፓርኮችም በኋላ ተከትለውታል። ለሕፃን አይሆንም፤ እኛ ወጣን። ወንድሜና ትልቁ ልጁ ግን ቀሩ። በማሽን የሚለቀቅ ጉም መንገዱን ይሸፍነዋል፤ ጭምብል ያጠለቁት ሠራተኞች ጉልበታቸው ላይ ብረት ታጥቀው አስፋልቱ ላይ እየተንሸራተቱ እሳት እየረጩ ይመጣሉ። ወንድሜ የብረቱን ድምፅ ሲሰማ ልቡ ክፉኛ መታበትና ልጁን አስከትሎ ቶሎ ወጣ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ አንቺም አትጠይቂው።

አሁን ደብዳቤውን ያጻፈኝን ነገር ልንገርሽ። ይህ ሁሉ ፓርክ የተነሣው ከአንዲት እናት ማጀት ነው። ኮርዲሊያ ኖት ትባላለች። ባሏ ዋልተር እንጆሪ ገበሬ ነበር፤ ሩዶልፍ ቦይሰን የሚባል ሰው አዳቅሎ የተዋቸውን፣ ሊደርቁ የቀረቡ ችግኞች አንሥቶ አዳናቸውና ፍሬውን በሰውየው ስም ቦይሰንቤሪ አለው። የእኛን የአጥር እንጆሪ ይመስላል፣ ተለቅ ያለ ነው። ኮርዲሊያ ማርማላታ እየሠራች ትሸጥ ነበር። አገሩ ሁሉ በኑሮ በተጨነቀበት ዘመን፣ በፈረንጆቹ በ1934፣ አንድ ቀን ማታ ዶሮ ጠብሳ ለስምንት ሰው አቀረበች። ዋጋው ለአንድ ሰው 65 ሳንቲም ነበር። የምታቀርብበት ዕቃ ስለሌላት የሠርጓን ሳህኖች አወጣች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰው ለሰዓታት ተሰልፎ የሚጠብቅበት ቤት ሆነ፤ ዋልተርም በ1940 ያን ባዶ ከተማ መሥራት የጀመረው ተሰላፊዎቹ እየጠበቁ የሚያዩት እንዲያገኙ ብሎ ነው። ምግብ ቤቱ ዛሬም በር ላይ አለ። ተሰልፈን ገባን። አንቺ ጽጌን እየጾምሽ ስለ ዶሮው አላወራሽም፤ ማርማላታው ግን ልዩ ነው፤ ሰው ሳገኝ እልክልሻለሁ።

እዚያ ተቀምጬ አንድ ነገር አንገበገበኝ። የማላውቃት የፈረንጅ እናት የመጀመሪያ ቀን ስንት ሰው እንዳበላች፣ በስንት ሳንቲም፣ በምን ሳህን እንዳቀረበች አውቃለሁ። በአንቺ እጅ እየበላሁ አድጌ የአንቺን አላውቅም። በስንት ዓመተ ምሕረት ነው መናኸሪያው አጠገብ ያን ቤት የከፈትሽው? አባቴ ካረፈ በኋላ መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው። የመጀመሪያ ቀን ምን ሠራሽ? ማን መጥቶ በላ? ሰው ባይመጣስ ብለሽ ፈርተሽ ነበር? ሰማያዊ መስመር ያላቸው ሳህኖችስ ከገበያ የተገዙ ናቸው ወይስ የሠርግሽ?

እህቴ በስልኳ ድምፅሽን ትቅዳልኝ። ካልደከመሽ ደግሞ የማርያም ዕለት ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውላለሁ፤ ትንሿም አጠገቤ ሆና ትሰማለች። ከሳህኖቹ አንዱ እንኳን ጓዳ ውስጥ ተርፎ ከሆነ፣ ቢላጥም ቢዛግም፣ እባክሽ ለማንም አትስጪብኝ።

ጉልበትሽን ስማለሁ።

ልጅሽ