ሜዳሊያውም ምርጫውም ያንቺ ነው

ልጄ፣

በትልቁ ውድድር ላይ የሽልማት መድረክ ብወጣ፣ ለማምንበት ጉዳይ ምልክት ባሳይ ምን ትላለህ ብለሽ ጠይቀሽኛል። አሰልጣኝሽ «ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም» ማለቱንም ጽፈሽልኛል። እዚህ ላይ ከአሰልጣኝሽ ጋር አልስማማም።

መቼ ተለያይተው ያውቃሉና? በ1976 የሞንትሪያል ኦሎምፒክ ጊዜ ከ20 በላይ አገሮች፣ አብዛኞቹ የአፍሪካ፣ አትሌቶቻቸውን ከውድድሩ አስቀሩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን አፓርታይድ ወደነገሠባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫውቶ ስለነበር፣ ኒውዚላንድ ትታገድ አሉ። እሺ የሚላቸው ጠፋ፤ ጥለው ወጡ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ከእነሱ ጋር ነኝ። ግን ምሩፅ ይፍጠርን ማን ጠየቀው? በ1972 ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ያመጣ ሰው ነው። አራት ዓመት ጠብቆ ቀረ። ደግነቱ በ1980 ሞስኮ ላይ በ5 ሺህም በ10 ሺህም ወርቅ ወሰደ፤ ይህ ዕድል ያልገጠማቸው ግን ብዙ ናቸው። መንግሥት በአትሌት እግር ሲቃወም አቋም ይባላል። አትሌቷ በገዛ እጇ ስትቃወም ግን ሥርዓት ጣሰች ይሏታል። ይሄ ነው የማይዋጥልኝ።

ቢሆንም ዋጋ አለው፣ አልደብቅሽም። ፈይሳ ሌሊሳ በ2016 ሪዮ ላይ ማራቶኑን ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ፣ በኦሮሞ ተቃዋሚዎች ላይ የሚፈጸመውን ግድያ ለመቃወም እጆቹን ከራሱ በላይ አጣመረ። ሜዳሊያውን ማንም አልነጠቀውም። ግን ወደ አገሩ ሳይመለስ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ከባለቤቱና ከልጆቹም ለወራት ተለያየ። የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ኮሊን ካፐርኒክ የዘር በደልን ለመቃወም በዚያው ዓመት የአሜሪካ መዝሙር ሲዘመር ተንበረከከ፤ በ2017 ከቡድኑ ከወጣ በኋላ የሚያስፈርመው ክለብ አላገኘም። በቴሌቪዥን ያጨበጨበ ሁሉ በማግስቱ ወደ ሥራው ይሄዳል። ጦሱ የሚቀረው ላንቺ ነው።

ደንቡንም አንብቢው። የኦሎምፒክ ቻርተር አንቀጽ 50 በውድድር ቦታ የፖለቲካ ሰልፍ ይከለክላል። በ2021 ትንሽ ላላ ብሎ፣ ውድድር ከመጀመሩ በፊት ሜዳ ላይ ሐሳብን መግለጽ ተፈቅዷል። የሽልማት መድረኩ ግን አሁንም ክልክል ነው። አውቀሽ ጣሺው ወይም አውቀሽ ተዪው። ሳታውቂ ብቻ አይሁን።

ወንድምሽ «መድረኩ ለሁሉም ከተከፈተ ዘር የሚሳደብም ይወጣበታል» ይላል። እውነት አለው። ሰውን በማንነቱ የሚያዋርድ ይቀጣ። ለአንድ ባለጌ ሲባል ግን የሁሉም አፍ አይለጎምም።

እኔ አጥብቄ የምይዘው ድንበር ሌላ ነው፤ የሌላውን ሩጫ አትንኪ። በ2004 አቴንስ ላይ ብራዚላዊው ቫንደርሌይ ዴ ሊማ ማራቶኑን እየመራ ሳለ፣ መልእክት አለኝ የሚል ተመልካች ዘሎ ገብቶ ገፋው። ዴ ሊማ ሦስተኛ ወጣ። የሰውዬው መልእክት ምንም ይሁን ምን፣ የነጠቀው የሰው ላብ ነው። አንቺ በራስሽ ሜዳሊያ፣ በራስሽ ደቂቃ፣ በራስሽ እጅ የፈለግሽውን በይ።

የቡድን ጓደኛሽ አብሬሽ አላደርግም አለች ብለሽ ተቀይመሻታል። እዚህ ላይ ተሳስተሻል። የ1968ቱን የሜክሲኮ ፎቶ ታውቂዋለሽ፤ 200 ሜትር፣ ጥቁር አሜሪካውያኑ ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ ዘረኝነትን ለመቃወም ጥቁር ጓንት አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጡጫቸውን ወደ ላይ። ሁለተኛ የወጣው አውስትራሊያዊው ፒተር ኖርማን ግን እጁን አላነሳም። ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። ደረቱ ላይ ብቻ የእነሱን የሰብአዊ መብት ባጅ ለጥፏል። ለዚያች ባጅም ቢሆን በአገሩ የስፖርት ሰዎች ዘንድ ፊት እንደተነሳ ይነገራል። እነስሚዝ «እጅህን ካላነሳህ ከዳኸን» አላሉትም። በ2006 ሲሞት ከአሜሪካ ሄደው ሬሳ ሳጥኑን ተሸከሙ። ጓደኛሽ እንደ ኖርማን ባጅ ትለጥፍ ወይም ምንም አታድርግ፣ የራሷ ጉዳይ ነው። ለማሸነፍ ብቻ የመጣች ልጅ ለምንም ግድ የላትም ማለት አይደለም። ምናልባት የምትፈራለት ሰው ይኖራታል። ደውዪላትና ታረቂ።

ከወሰንሽ ደግሞ ቀድመሽ ንገሪኝ እንጂ ከዜና አልስማ። እናትሽን ማዘጋጀት የኔ ሥራ ነው፤ እሱ ደግሞ ከማራቶን ይከብዳል።

አባትሽ