የተረሳው የቅሬታ ምክንያት

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ለትንንሽ ነጋዴዎች ሂሳብ የምሠራ ሰው ነኝ። እስቲ ስለ ታክስ ይግባኝ አንድ ነገር ልበል።

የግብር ውሳኔ ሲደርሰው ባለሱቁ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ቀጥሎ ደረሰኝ ፍለጋ ካርቶን ይገለብጣል። የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ለሚቀርብ ቅሬታ የሰጠው 21 ቀን ነው። ስለዚህ ብዙው ሰው ጠበቃ ሳያይ፣ በአንድ ገጽ «ግብሩ በዝቶብኛል» ብሎ ያስገባል። እኔም አንዴ እንዲህ አድርጌ ጉድ ሆኛለሁ። ያልተያዘ ወጪ እንዳለ የገባኝ ቅሬታው ውድቅ ከተደረገ በኋላ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ያው አዋጅ፣ ቅሬታው ውድቅ ሆኖበት ይግባኙን ወደሚያየው ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን የሚሄድ ሰው በቅሬታው ላይ ባነሳቸው ምክንያቶች እንዲወሰን ያደርጋል፤ አዲስ ምክንያት ለመጨመር የኮሚሽኑ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ በምን መመዘኛ እንደሚሰጥ ግን አዋጁ ዝም ብሏል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ በአንቀጽ 91 ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት አቤቱታ እንዲሻሻል በር ከፍቷል።

አዲስ ምክንያት መጨመር በቀላሉ ቢፈቀድ ነገሩን ማንዛዛት ይመጣል የሚሉ አሉ፣ እውነት አላቸው። ግን የማስረዳት ሸክሙ በግብር ከፋዩ ላይ ነው፣ ከኮሚሽኑ በኋላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚያየውም የሕግ ጥያቄ ብቻ ነው። ታዲያ የተረሳው ደረሰኝ መቼ ይታይ? ቢያንስ እስከ ኮሚሽኑ መጀመሪያ ቀጠሮ ድረስ ማሻሻያ ይፈቀድ፤ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤትም መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ያግኝ።