ሮቦቱ ሲቆም ማን ያስነሳዋል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሮቦት የፋብሪካ ሠራተኛውን እንጀራ ሊነጥቅ ነው የሚሉ ጽሑፎች በጋዜጣችሁም በሌሎች ሚዲያዎችም እየበዙ ነው። ስጋቱን አልንቀውም። እኔ ግን የምሠራው በፋብሪካ ጥገና ክፍል ነው። ከዚያ ሆኜ ሳየው የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው፤ ማሽኑ ሲቆም የሚያስነሳው የራሳችን ሰው አለማፍራታችን።

በቅድሚያ ስለ ልብስ ስፌት። ለሮቦት ብረት ይቀለዋል። የመኪና አካል የትም ቢቀመጥ ቅርጹን አይቀይርም። የሮቦቱ ክንድ ሺህ ጊዜ ቢመላለስ እዚያው ነጥብ ላይ ይበይዳል። የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ሮቦት እ.ኤ.አ. በ1961 በጀነራል ሞተርስ ፋብሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሥራ ሲጀምርም ያነሳ የነበረው የጋለ ብረት ነው። ጨርቅ ግን ይታጠፋል፣ ይሳባል፣ ይሸበሸባል። አንዲት ልብስ ሰፊ እጅጌን ከትከሻ ጋር ስትገጥም ጣቶቿ ሳታስበው ያስተካክሉታል። ይህን ለማሽን ማስተማር እስካሁን አስቸጋሪ ነው። ጨርቅ መቁረጡ በኮምፒውተር ከሆነ ቆይቷል፤ ስፌቱ ግን ዛሬም በአብዛኛው የሰው እጅ ሥራ ነው።

አዲዳስ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ጫማን በአብዛኛው በሮቦት የሚሠሩ ሁለት ፋብሪካዎችን፣ አንዱን ጀርመን አንስባክ፣ ሌላውን አሜሪካ አትላንታ አጠገብ ከፍቶ ነበር። በጊዜው ብዙ ተወራላቸው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ሁለቱንም እንደሚዘጋ አስታወቀ። ቴክኖሎጂው ግን አልተጣለም፤ ቬትናምና ቻይና ወዳሉት አቅራቢዎቹ እንደሚዛወር ተናገረ። ለምን ወደዚያ? እኔ እንደሚገባኝ እዚያ የሚሰፋ ሰው ብቻ ሳይሆን ማሽኑን ፈትቶ የሚገጥም፣ ፕሮግራሙን የሚያስተካክል ሰው በብዛት ስላለ ነው። አዲስ ማሽን የሚሄደው የሚያውቀው ሰው ወዳለበት ነው።

የእኛን አገር እንይ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ እስከ 60,000 ሰው ሥራ ይይዝበታል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ምርታችን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ይገባበት ከነበረው ዕድል፣ ስታስወጣ ብዙ ሴት ልጆች ከሥራ ተቀነሱ። እነዚያን ልጆች ሥራ ያስፈታቸው ሮቦት አልነበረም። ገበያው ተዘጋባቸው። ስፌት ከሚያውቁት መካከል የስፌት ማሽን ጥገና፣ የኤሌክትሪክ ሥራ፣ የመቁረጫውን ኮምፒውተር የተማሩት ስንት ነበሩ? በጣም ጥቂት። ስለዚህ በሩ ሲዘጋ ወደ ሌላ ፋብሪካ ይዘውት የሚሄዱት ሙያ አልነበራቸውም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አውቶሜሽን፣ ማለትም ሥራን በራሱ ለሚሠራ ማሽን መስጠት፣ እኛ አገር ደርሷል። ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም እንጂ። የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ገብታችሁ እዩ። ፕሪፎርሙን፣ ማለትም ገና ጠርሙስ ያልሆነውን ፕላስቲክ፣ የሚነፋው፣ ውሃውን የሚሞላው፣ ክዳን የሚያጠብቀው፣ ሌብል የሚለጥፈው፣ በላስቲክ የሚጠቀልለው ሁሉ ማሽን ነው። ኦፕሬተሩ ስክሪን ያያል። ቢራም እንደዚሁ፣ ሲሚንቶም እንደዚሁ።

አሁን ችግሩን ልናገር። አንድ ቦታ ስሠራ መብራት ሄዶ ሲመጣ የማሸጊያ መስመራችን አልነሳ አለ። ሴንሰሮቹን ፈተሽን፣ ሞተሮቹን ፈተሽን፤ ደህና ናቸው። ችግሩ ሁሉንም የሚያዘው መቆጣጠሪያ፣ እኛ ፒኤልሲ የምንለው ውስጥ ነው። ገብተን ፕሮግራሙን እንዳናይ በፓስወርድ ተቆልፏል። ሻጩ ኩባንያ ፓስወርዱን አይሰጥም፤ ውሉ ላይ የለማ! የእሱ ቴክኒሻን ከውጭ እስኪመጣ መስመሩ ቆመ። የቀን ሠራተኛው ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ ቀኑም አልተከፈለውም። ሰውየው መጥቶ ላፕቶፑን ሰክቶ ሥራውን የጨረሰው ምሳ ሳይደርስ ነው። እኛ ከኋላው ቆመን እናያለን። የአውሮፕላኑ፣ የሆቴሉና የድካሙ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ ተከፈለ። ከእኛ ጋር ቆመው ያዩ የነበሩት ልጆች በኤሌክትሪካል ምህንድስና ዲግሪ ያላቸው ናቸው። ዕድሉን ቢያገኙ ያንን ሥራ የማይሠሩበት ምክንያት አልነበረም።

እንዲህ ያለውን ታሪክ የትኛውም ጥገና ክፍል ብትሄዱ ትሰማላችሁ። በተቃጠለ ቦርድ ምትክ አዲስ ለመግዛት ኤልሲ፣ ማለትም ለውጭ ግዥ ባንክ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና፣ እስኪከፈት ይጠበቃል። ማኑዋሉ በቻይንኛ ነው። ደህናውን ማሽን ፈትቶ ለተበላሸው መለዋወጫ ማድረግ ልማድ ሆኗል። የመብራቱ መቆራረጥ ደግሞ አለ፤ ለስስ ኤሌክትሮኒክስ ከእሱ የባሰ ጠላት የለም።

ብዙ ፋብሪካዎቻችን ግድግዳ ላይ የካይዘን፣ ማለትም ሥራን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓን ዘዴ፣ ፖስተር ተለጥፏል። የካይዘን ኢንስቲትዩት አገራችን ውስጥ የተቋቋመውም እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አምስቱ ማዎች የሚባሉትን የሥራ ቦታን የማደራጃና የማጽጃ ደንቦች ሁሉም ሰው በቃሉ ያውቃቸዋል። ካይዘንን ዝነኛ ያደረገው የቶዮታ አሠራር አንዱ ሥር ግን ከሽመና የመጣ ነው። ጃፓናዊው ሳኪቺ ቶዮዳ ክር ሲበጠስ በራሱ የሚቆም የሽመና ማሽን ሠራ። ያ ማሽን የተበላሸ ጨርቅ እየሠራ አይቀጥልም፤ ቆሞ ሰው ይጠራል። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ አጠገቡ ተገትሮ መጠበቁ ቀርቶ በርካታ ማሽኖችን መከታተል ቻለ። የሠራተኛው ዋና ሥራ ክሩ ለምን እንደተበጠሰ ማወቅ ሆነ። ቶዮታ ይህንን እስከ ዛሬ ይዞታል፤ ሠራተኛው ችግር ሲያይ ገመድ ስቦ ወይም ቁልፍ ተጭኖ መስመሩን ያስቆማል። እኛ ጽዳቱንና ቀለም ቅቡን ወሰድን። ማሽኑ ሲቆም ምክንያቱን ፈልጎ የሚያገኝ ሠራተኛ ማፍራቱን ግን ተውነው።

በጣም ሀብታም ኩባንያ እንኳ ይህን ሲረሳ ይጎዳል። የአሜሪካው የኤሌክትሪክ መኪና አምራች ቴስላ ሞዴል 3 የተባለችውን መኪና ሲጀምር ከሰው ይልቅ ሮቦት ላይ አብዝቶ ምርቱ ወደኋላ ቀረ። የኩባንያው ኃላፊ ኢሎን መስክ እ.ኤ.አ. በ2018 የአውቶሜሽኑ መብዛት የራሱ ስህተት እንደነበረና ለሰው የሚገባው ግምት እንዳልተሰጠ በይፋ ጽፏል።

ስለዚህ ለፋብሪካ ባለቤቶችና ፈቃድ ለሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። አውቶማቲክ መስመር ሲገዛ የፕሮግራሙ ኮፒና ፓስወርዱ፣ የምናነበው ማኑዋልና ቶሎ የሚያልቁ መለዋወጫዎች ውሉ ውስጥ ይግቡ። ተከላው ላይ የእኛ ልጆች ከሻጩ ቴክኒሻኖች ጋር በእጃቸው ይሥሩ፤ ለፎቶ ብቻ አይሰለፉ። የመጨረሻው ክፍያም እነሱ ብቻቸውን መስመሩን አቁመው ካስነሱ በኋላ ይለቀቅ። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ፒኤልሲን በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ማስተማራቸውን ይተዉ። ፋብሪካዎች የጣሉት አሮጌ የመቆጣጠሪያ ፓነል ሞልቷል፤ እሱን እንኳ ቢወስዱ ተማሪው ፈትቶ ይማርበታል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ወጪ የለውም። ግዥ ሲወሰን ሥራ አስኪያጁ አለ፣ ፋይናንሱ አለ፣ ግዥ ክፍሉ አለ። ከጥገና ክፍል የሚጠራ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ውሉ ከመፈረሙ በፊት አንድ ቴክኒሻን ጠርታችሁ አስነብቡት።

የፋብሪካ ኤሌክትሪሻን
ከሰበታ